የሸክላ ኩባያ በኦንላይን ለመሸጥ፦ ዋጋው እንዴት ይተመን?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሸክላ ኩባያ በኦንላይን መሸጥ ልጀምር ነው። በመግዣው ላይ እጥፍ ብጨምር ያዋጣል? ለመጀመሪያስ ስንት ፍሬ ልግዛ?

መልስ 1፦
እጥፍ የሚለው ስሌት ብዙ ሰው አክስሯል ወንድሜ። 100 የምትሸጠው ኩባያ መግዣው 50፣ መላኪያው 20፣ ማሸጊያው 6፣ የክፍያ ኮሚሽኑ 4፣ ማስታወቂያው 15 ከሆነ የሚተርፍህ 5 ነው። ከ20 ትዕዛዝ 100 አተረፍክ እንበል፤ አንዱ ተሰብሮ ምትክ ስትልክ መግዣው፣ መላኪያውና ማሸጊያው ተደምሮ 76 ይሄዳል፣ 24 ይቀርሃል። ስለዚህ ከዋጋው በፊት ስብራቱን አስብ።

መልስ 2፦
መላኪያው ላይ ልጨምር። ብዙ አጓጓዦች ከክብደትና ከመጠን በሚበልጠው ያስከፍላሉ። ርዝመት፣ ስፋትና ቁመቱን በሴንቲሜትር አባዝተህ ለ5000 አካፍል (የሚጠቀሙበት አካፋይ ይለያያል፣ ጠይቅ)። 30×25×20 የሆነ ካርቶን፣ ውስጡ ግማሽ ኪሎ ኩባያ ብቻ ቢኖርም፣ 3 ኪሎ ይባላል። 20×15×15 ግን 0.9 ነው።

አስተሻሸጉ ላይ ቶሎ የሚሰበረው እጀታው ነው። ቀዳዳው ውስጥ ወረቀት ጠቅጥቅ፣ ሆዱንም ሙላ፣ ከዚያ ጠቅልል። ካርቶኑን ነቅንቀው፤ ከተንኳኳ ገና ነው። ከወገብ ከፍታ በማዕዘኑም በጠርዙም ጥለህ ሳትሞክር ለደንበኛ አትላክ።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ! ብዛቱስ?

መልስ 1፦
በአንድ ዓይነት ከ20 እስከ 30 ፍሬ በቂ ነው፤ ቀለም አታብዛ፣ የማይሄደው ቀለም ገንዘብህን ይዞ ይቀመጣል። ሽያጩ ሲታወቅ በቀን 2 የምትሸጥ፣ አዲስ ዕቃ ለመምጣት 15 ቀን የሚፈጅ ከሆነ 30 ሲቀርህ ሳይሆን 40 ሲቀርህ እዘዝ። አቅራቢ ይዘገያል።