«ራትል ኤንድ ሃም»፦ ክብር መስጠት ነው ወይስ ከታላላቆች ተርታ መሰለፍ?

የሸክላ ወዳጅ፦
የአየርላንዱ ባንድ ዩቱ እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣውን «ራትል ኤንድ ሃም» ሰሞኑን ደጋግሜ አዳመጥሁት። ከፊሉ በመድረክ፣ ከፊሉ በስቱዲዮ የተቀረጸው ይህ አልበም፣ ባንዱ «ዘ ጆሹዋ ትሪ» የተሰኘው ቀዳሚ አልበሙ ዓለም አቀፍ ዝና ካስገኘለት በኋላ ብሉዝ፣ ጎስፔልና ሶል የተባሉትን የአሜሪካ የሙዚቃ ስልቶች ከምንጫቸው ለመማር የሞከረበት ነው። በወጣበት ጊዜ ብዙ ሃያሲያን ባንዱ ራሱን ከታላላቆቹ ተርታ አሰልፏል ብለው ወቅሰውታል። አንዳንዱን ዘፈን ስሰማ ወቀሳው ይገባኛል፤ ሌላውን ስሰማ ደግሞ ፈጽሞ አይዋጥልኝም። ልዩነቱ ከምን የመጣ ይመስላችኋል?

ባለ ስድስት ክር፦
እኔ እንደሚመስለኝ ልዩነቱ የሚመጣው ባንዱ ለእንግዳው ቦታ ከመልቀቁና ካለመልቀቁ ነው። ከአሜሪካዊው የብሉዝ ጊታሪስትና ዘፋኝ ከቢ. ቢ. ኪንግ ጋር የተሠራውን «ዌን ላቭ ከምስ ቱ ታውን» ይውሰዱ። ከአልበሙ ጋር በወጣው ፊልም ላይ ኪንግ ኮርድ መምታት (ብዙ ድምፆችን በአንድ ላይ መጫወት) እንደማይሆንለት ለባንዱ ድምጻዊ ለቦኖ ሲነግረው፣ ኮርዱን ጊታሪስቱ ዘ ኤጅ እንደሚይዘው ሲመለስለት ይታያል። ነገሩ የትሕትና ብቻ አይደለም። ኪንግ ስንኙን ዘፍኖ ሲያበቃ ጊታሩ በአንድ ክር፣ ጣቱ እየተንቀጠቀጠ፣ እንደ ሁለተኛ ድምጻዊ መልስ ይሰጣል እንጂ ዘፈኑን ከሥር አያጅብም። በማስተጋባት ሰፊ ቦታ መሙላት የለመደው የዘ ኤጅ ጊታር እዚህ ላይ ሰብሰብ ስለሚል፣ የሽማግሌው መልስ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ዘፈኑ የተቀረጸው በአሜሪካዋ ከተማ ሜምፊስ በሚገኘው ሰን ስቱዲዮ ነው። ስለዚያ ቤት ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው ኤልቪስ ፕሪስሊ እ.ኤ.አ. በ1954 የመጀመሪያ ሸክላውን እዚያ ማስቀረጹን ነው፤ ነገር ግን ባለቤቱ ሳም ፊሊፕስ ከዚያ ቀደም ብሎ የብሉዝ ዘፋኙን ሃውሊን ዎልፍንና ወጣቱን ኪንግን ራሱን ቀርጿል። ስለዚህ በዚያ ክፍል ውስጥ እንግዶቹ አየርላንዳውያኑ እንጂ ኪንግ አልነበረም።

በአንጻሩ ስተርሊንግ መጊና አዳም ጉሶ የተባሉት የኒው ዮርኩ ሰፈር የሃርለም የጎዳና ብሉዝ ተጫዋቾች በአልበሙ ውስጥ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ብቻ ተሰጥቷቸዋል። ጆሮ ዘንበል ሳይል ያልቃል። ወቀሳው በትክክል የሚያርፈው እንዲህ ባለው ቦታ ላይ ነው።

ሙግተኛው፦
ከላይ የተባለውን ባከብርም በዚህ አልስማማም። የአልበሙ ድክመት ከሁሉም ገበታ እየቀመሰ ማለፉ ነው። ብሉዙ፣ የጎስፔል መዘምራኑ፣ ለጃዝ ዘፋኟ ቢሊ ሆሊዴይ የተዘፈነው ሶል፣ ቦብ ዲላን በኦርጋን የተሳተፈበት ዘፈን፣ ሁሉም በአንድ አልበም ተጨናንቀዋል። የአሜሪካው የሮክ ባንድ ዘ በርድስ እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጡትን «ስዊትኸርት ኦቭ ዘ ሮዲዮ» ያነጻጽሩ። የካንትሪ ሙዚቃ ማዕከል ወደሆነችው ናሽቪል ድረስ ሄደው፣ ሎይድ ግሪንን የመሰሉ የፔዳል ስቲል ጊታር ባለሙያዎችን ይዘው ካንትሪ ውስጥ ጠልቀው ገቡ። ግራንድ ኦል ኦፕሪ በተባለው ዝነኛ የካንትሪ መድረክ ላይ የካንትሪው ታዳሚ ፌዝ ጠበቃቸው፤ አልበሙም በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ ከ77ኛ ደረጃ በላይ አልወጣም። ዋጋ የተከፈለበት ፍለጋ ማለት ለእኔ ይህ ነው።

የሸክላ ወዳጅ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የዘ በርድስን ሥራ አውቀዋለሁ፤ ይሁን እንጂ ያልተሸጠ ሁሉ የበለጠ እውነተኛ ነው ማለት ይከብደኛል። ትናንት ማታ ቦታ ስለመልቀቅ የተነሳውን ሐሳብ ይዤ እንደገና ሳዳምጥ፣ ከመለኪያው ውጪ የሆነ አንድ ዘፈን አገኘሁ፤ እሱም «ዲዛየር» ነው። በዚህ ዘፈን ውስጥ የሚያጅብ አንጋፋም ሆነ የሚጠራ ስም የለም። ጠረጴዛዬን እየመታሁ ስከተለው ግን፣ መጀመሪያ ሦስት ምት፣ ከአጭር ዕረፍት በኋላ ደግሞ ሁለት ምት ሆኖ አገኘሁት፤ አሜሪካዊው የሮክ ኤንድ ሮል ሙዚቀኛ ቦ ዲድሊ በ1950ዎቹ ያስለመደው ምት ማለት ነው። ከዚህ ቀደም ዘፈኑን ስንት ጊዜ ሰምቼው ይህን ልብ አላልሁም ነበር።

ባለ ስድስት ክር፦
እውነትዎን ነው፤ የእኔ መለኪያ ለዚህ ዘፈን አይሠራም። ከቻሉ ቦ ዲድሊ በራሱ ስም የሰየመውን የ1955ቱን ሸክላ ያስቀድሙና «ዲዛየርን» ወዲያው ያስከትሉ። ጠረጴዛውን ግን መምታትዎን አያቁሙ።