ላፕቶፕ የለኝም፣ ድርጅትም አጣን፤ ፕሮግራሚንግና ሲስተም አናሊሲስ እንዴት ልወጣው?

የማታዋ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ በማታው ፕሮግራም ኮምፒውተር ሳይንስ እማራለሁ። ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ቀን ቀን አምስት ኪሎ አካባቢ አንድ ስቴሽነሪ ውስጥ እሠራለሁ። ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ጥረዛ፣ ላሚኔሽን፣ ያው የምታውቁት ነው።

ችግሬ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሲ ፕላስ ፕላስ የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ያለፍኩት በሽምደዳ ነው። መምህሩ ክፍል ውስጥ የሠራው ኮድ ፈተና ላይ ከመጣ እንዳለ እገለብጠዋለሁ። ትንሽ ከቀየረው ግን ድርቅ ነው የምለው። ላፕቶፕ የለኝም። የኮሌጁ ላብ ደግሞ እኛ የማታዎቹ በምንደርስበት ሰዓት ብዙውን ጊዜ ተቆልፏል።

ሁለተኛው፣ በዚህ ሴሚስተር ሲስተም አናሊሲስና ዲዛይን እየወሰድን ነው። በቡድን ሆናችሁ አንድ እውነተኛ ድርጅት ፈልጉ፣ አሠራሩን አጥኑና ኑ ተባልን። አምስት ነን። አንድ ክሊኒክ ሄደን ከጥበቃው አላለፍንም። አንድ መሥሪያ ቤት ሄደን "ደብዳቤ አምጡ" ተባልን። አሁን የቡድኑ ልጆች ያለቀ ፕሮጀክት እንግዛ እያሉ ነው፤ የሆቴል ማኔጅመንት ሲስተም፣ ከነሰነዱ። እኔ ደስ አላለኝም። ግን ሌላ አማራጭ ይዤ ካልቀረብኩ በድምፅ ብልጫ መሸነፌ ነው። ምን ትሉኛላችሁ?

ኮድ በሻይ
ከላፕቶፑ ልጀምር። አንድሮይድ ስልክ ካለሽ ለመለማመድ ላፕቶፕ እስክትገዢ መጠበቅ የለብሽም። ሲኤክስኤክስድሮይድ የሚባል አፕ አለ። የጻፍሽውን ሲ ፕላስ ፕላስ እዚያው ስልክሽ ላይ ኮምፓይል ያደርግልሻል (ወደሚሠራ ፕሮግራም ይቀይርልሻል)፣ አንዴ ከጫንሽው ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ፓይተን ለሚባለው ሌላ ቋንቋ ደግሞ ፓይድሮይድ አለ። ሴሚኮለን ፍለጋ ጣትሽ ይንከራተታል እንጂ የጀማሪ ልምምድ ኮድ ከሃያ ሠላሳ መስመር አይበልጥም፣ ይቻላል።

እሁድ ነፃ ከሆንሽ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሂጂ። በ2014 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ ለኛ ዓይነቱ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ብቻሽን ቤት ከምትታገዪው ይሻላል።

ብር ሲገኝ ያገለገለ ላፕቶፕ ይበቃሻል። የፕሮሰሰሩ ስም አያማልልሽ። ዲስኩ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ዓይነት) ይሁን፣ ራሙ 8 ጊጋባይት ቢሆን ጥሩ ነው። ቻርጀሩን አስነቅለሽ ሻጩ ፊት ለፊት ሩብ ሰዓት ያህል ተጠቀሚበት። መብራት ሲሄድ የሚያዋጣሽ ያ ባትሪ ነው።

እርሳስና ወረቀት
ስልኩም ላፕቶፑም ይቆይ። ኮድ ሲቀየርብሽ የምትደነግጪው መስመር በመስመር ሲሄድ አይተሽው ስለማታውቂ ነው። ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ አስምሪ። በላይ የቫሪያብሎቹን (ኮዱ ዋጋ የሚይዝባቸውን) ስም ጻፊ፣ ከሥር እያንዳንዱ መስመር ሲነበብ ዋጋቸው ስንት እንደሚሆን። ኮምፒውተሩን ሆነሽ ተጫወቺ ማለቴ ነው። ይሄን የሚያክል መድኃኒት የለም፤ ግን አሰልቺ ስለሆነ ማንም አይሠራውም።

ምሳሌ ከሥራሽ ልውሰድ። ደንበኛ 7 ገጽ በሁለት ፊት ኮፒ አድርጊልኝ ቢልሽ ስንት ወረቀት ይፈጃል? 4። አሁን ሲ ፕላስ ፕላስ ላይ በኢንቲጀር (በሙሉ ቁጥር) 7ን ለ2 አካፍዪ። 3 ይልሻል። ግማሿን ቆርጦ ይጥላታል፤ ሰባተኛዋ ገጽ ወረቀት አጣች ማለት ነው። እንዴት ታስተካክዪዋለሽ? ገጹ ላይ መጀመሪያ 1 ደምሪና ከዚያ ለ2 አካፍዪ። 8 ለ2፣ 4። ገጹ 6 ቢሆንስ? 7 ለ2፣ 3። ለሁለቱም ሠራ። ለምን እንደሠራ እስኪገባሽ ድረስ በወረቀት ሞክሪው።

ከዚያ አወሳስቢው። ብዙ ገጽ ላሳተመ ቅናሽ አለ? ያ ኢፍ (ቅድመ ሁኔታ) ነው። ደንበኛው 3 ፋይል ይዞ መጥቷል? ያ ሉፕ (ድግግሞሽ) ነው። ሉፑን ከ0 አስጀምረሽ "ከ3 ያነሰ ወይም እኩል እስከሆነ" ካልሽው 4 ጊዜ ይዞራል። ያላመጣውን ፋይል ልታስከፍዪው ነው። እንዲህ ያለውን ስህተት ከመጽሐፍ ምሳሌ ይልቅ ከራስሽ ሂሳብ ቶሎ ታዪዋለሽ።

የድሮ ባች
እውነቱን እንነጋገር እንጂ ጎበዝ። ፕሮጀክት የማይገዛ ማን አለ? ግዙና ጊዜያችሁን ለመውጫ ፈተና አጥኑበት። ዲግሪ የሚሰጣችሁ እሱ ነው።

መምህር ነኝ
ከላይ ላለው ወንድሜ። መውጫ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ ማለፊያውም 50 ከመቶ ነው፣ ልክ ነህ። ግን ፈተናው ውስጥ ዳታቤዝም ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግም አለ። አንድ ኢአር ዳያግራም (የመረጃዎቹን ግንኙነት የሚያሳይ ሥዕል) ራሱ እየሰረዘ እየደለዘ የሠራ ተማሪ ያን ክፍል እንደ አዲስ አያጠናውም። የገዛው ግን ሁለቴ ነው የሚደክመው።

ደግሞ የተገዛ ፕሮጀክት ያስታውቃል። የሌላ ድርጅት ስም ሰነዱ ውስጥ አንድ ቦታ ሳይቀየር ይቀራል። ይሄ ባይኖር እንኳ ዲፌንስ (ፕሮጀክቱን ቀርቦ ማስረዳት) ላይ አንዱን ፊልድ (መረጃ የሚሞላበትን ቦታ) አሳይቼ "ይህ እንዲገባ የፈለገው ማነው? ምን ሊያደርግበት?" እላለሁ። መልሱን የሚያውቀው ድርጅቱ ጋ ሄዶ የጠየቀ ብቻ ነው።

ልጄ፣ ደብዳቤ ስትባሉ አትናደዱ፤ መሥሪያ ቤቶቹ እውነት አላቸው። ከትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ አጽፉ። የአምስታችሁም ስም ይኑርበት፣ ማኅተም ይኑርበት፣ የምትፈልጉት ነገርም በግልጽ ይጻፍ። "ለጥናት መረጃ እንዲሰጣቸው" የሚል ደፈናዊ ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ ያንከራትታችኋል።

አንድ ጨዋታ ልጨምር። ዋተርፎልን (ሲስተም ደረጃ በደረጃ፣ አንዱ ሲያልቅ ወደ ቀጣዩ እየታለፈ የሚሠራበትን ዘዴ) እንደ ሕግ አትሸምድዱት። ስለዚህ ዘዴ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የዊንስተን ሮይስ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣ ነው። ሰውየው ራሱ አንዱን ደረጃ ጨርሶ ወደ ኋላ ሳይመለሱ መሄድ ለውድቀት እንደሚያጋልጥ እዚያው ጽፎታል። ተማሪ የሚያየው ሥዕሉን ብቻ ነው።

አናሊስቷ
እህቴ፣ ድርጅት አጣን ትያለሽ፤ ድርጅት ውስጥ ተቀምጠሽ ነው እኮ የጻፍሽልን! ስቴሽነሪ ድርጅት አይደለም ያለሽ ማነው? በዚያ ሰፈር የዱቤ ደብተር የሌለው ስቴሽነሪ ደግሞ አይገኝም። ደብተሩን ክፈቺና ምን እንደሚመስል ንገሪን። እንደወረደ፣ ሳታሳምሪው።

የማታዋ (ጠያቂ)
ኧረ አለ! አስቤውም አላውቅ። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ገጽ አለው። ከላይ ስም፤ ግን ስም ስላችሁ "ጠበቃው 3ኛ ፎቅ"፣ "ባለ ቀይ መነጽር" ዓይነት ነው። ከሥር ቀን፣ የሥራው ዓይነት፣ ብሩ። ሲከፍሉ መስመሩ ይሰረዛል። ግማሽ የከፈለ ሲኖር ጠርዙ ላይ "ቀሪ 140" ተብሎ ይጻፋል። ደግሞ ሲከፍል እሱ ይሰረዝና ሌላ ቀሪ ይጻፋል። ወር ሲያልቅ ጋሼ፣ የሱቁ ባለቤት ማለቴ ነው፣ ካልኩሌተር ይዘው ይደምራሉ። ጭቅጭቅ የሚነሳው ሁልጊዜ ጠርዙ ላይ ባለው ጽሑፍ ነው። "እኔ ሁለቴ ከፍያለሁ" ይላል ደንበኛው፤ ደብተሩ ላይ ያለው ግን አንድ ስርዝ ድልዝ ነው።

አናሊስቷ
በቃ፣ ፕሮጀክትሽ ጠርዙ ላይ ነው ያለው።

ደብተሩ ክፍያን እንደ ራሱ ነገር አይመዘግብም። ሥራውን ይመዘግባል፣ ክፍያ ሲመጣ ግን የድሮውን ያጠፋል። ስለዚህ ዳታቤዙ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ቴብል (ሠንጠረዥ) ያስፈልግሻል፦ ደንበኛ፣ ሥራ፣ ክፍያ። አንድ ደንበኛ ብዙ ሥራ ያሠራል። አንድ ሥራ ደግሞ ሁለት ሦስት ጊዜ ሊከፈል ይችላል። ክፍያ በመጣ ቁጥር አዲስ ረድፍ ይገባል እንጂ የድሮው አይነካም። ቀሪ የሚባል ፊልድ አትፍጠሪ። ቀሪ ከሥራው ዋጋ የተከፈለው ድምር ሲቀነስ የሚገኝ ነው፣ ሲፈለግ ይሰላል። ካስቀመጥሽው አንድ ቀን ከድምሩ ጋር ይጣላል፣ ያው የጠርዙ ጭቅጭቅ ኮምፒውተር ላይ ወጣ ማለት ነው።

"ባለ ቀይ መነጽር" ያስቃል፤ ግን ቀልድ አይደለም። ሰውየው መነጽሩን የቀየረ ቀን ምን ሊኮን ነው? በኛ አገር የቤተሰብ ስም የለም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ለየብቻ ያዢ። ከፈረንጅ ሳምፕል የተገለበጠ ፎርም እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ስልክ ቁጥርም ያዢ፣ ግን እንደ ጽሑፍ። ቁጥር ካደረግሽው የ09ም የ07ም ዜሮ ትበላለች። ስልኩን መለያ ቁልፍ አታድርጊው፤ ሰው ስልክ ይቀይራል፣ አንድ ቢሮም በአንድ ስልክ ይጠቀማል።

ጋሼን ስትጠይቂ ደግሞ "ምን ዓይነት ሲስተም ይፈልጋሉ?" አትበያቸው። "ፈጣንና ዘመናዊ" ይሉሻል፣ እሱ ደግሞ ምንም አይጠቅምሽም። "ባለፈው ወር የተጣላችሁት ደንበኛ ጉዳይ እንዴት ነበር? ከዚያስ ምን አደረጉ?" ብለሽ ጠይቂ። የደብተሩንም አንድ ገጽ ፎቶ አንሺ። ከዚያ በኋላ ኮንቴክስት ዳያግራም (ሲስተሙ ከእነማን ጋር እንደሚገናኝ) እና ዩዝ ኬዝ (ማን ምን እንደሚሠራበት) መሣል የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ፊደል ቆጣሪ
ሁለት ነገር ልጨምር፣ ማንም ሳያነሳው እንዳያልፍ።

ቀን። ደብተሩ በኛ ቀን ነው የተጻፈው፣ አይደል? ማይኤስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ የቀን ፊልዱ የሚያውቀው የፈረንጁን ነው። ጥቅምት 30ን እንዳለ "ወር 2፣ ቀን 30" ብለሽ ብታስገቢ ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው አይቀበልሽም። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ስለሆነች ጭራሽ። የሚያስፈራው ግን የሚቀበላቸው ናቸው፤ ዝም ብሎ ይቀበልና የቀን ልዩነት ስታሰዪ ይሸውድሻል። የፈረንጁን አስቀምጪ፣ ስክሪን ላይ ስታሳዪና ስትቀበዪ ወደ ኢትዮጵያ ቀን ቀይሪ።

ፊደል። ዳታቤዙን ገና ስትፈጥሪ የፊደል አቀማመጡን ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 አድርጊው፣ አለዚያ የጋሼ ደንበኞች በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። በዩቲኤፍ 8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ ሲ ፕላስ ፕላስ "ሰላም" የሚለውን ርዝመቱ 9 ነው ቢልሽ አትደንግጪ፤ የቆጠረው ባይት ነው። ፓይተን ግን ፊደል ስለሚቆጥር ርዝመቱ 3 ነው ይልሻል። ፍለጋ ላይ ደግሞ "ፀሐይ" ብለሽ የመዘገብሻትን "ጸሀይ" ብለሽ ብትፈልጊ አታገኛትም። ሀ፣ ሐ፣ ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን ለፍለጋ ብቻ ወደ አንድ የሚያመጣ ፈንክሽን ጻፊ። የተጻፈውን ስም ግን አትንኪው፣ ሰው በስሙ አይደራደርም። ይሄን ሰነዱ ውስጥ ካስገባችሁ ገዛችሁት የሚላችሁ አይኖርም።

ኮድ በሻይ
ፊደል ቆጣሪ ዛሬ ምሳ አልበላም መሰለኝ 😄 ግን እውነቱን ነው።

የልደታ ልጅ
ጣልቃ ልግባና፣ 5 ሚሊዮን ኮደርስ የሚባለው የነፃ ሥልጠና ለዚህ ይረዳታል?

መምህር ነኝ
ይረዳታል፣ በልኩ። በ2016 ዓ.ም. ክረምት የተጀመረ ነው፣ በኦንላይን ነው፣ ሲጨርሱ ሰርተፍኬት አለው። የዌብ ፕሮግራሚንጉ መነሻ ክፍል ከፕሮጀክቱ ጋር ይሄድላታል። ሲስተም አናሊሲስን ግን አይተካላትም። እሱን የሚያስተምራት ያ ደብተር ነው።

የማታዋ (ጠያቂ)
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ለቡድኑ ነገርኳቸው፣ ሦስቱ ወዲያው ተስማሙ። ጋሼን ግን ሳናግራቸው "ሂሳቤን ለኮሌጅ ልትሰጪ ነው?" ብለው ፊታቸው ተለዋወጠ። ግብሩም ደንበኛውም አሳስቧቸዋል መሰለኝ። አንዱ የቡድናችን ልጅ ደግሞ ሎጊን ገጽ (በስምና በይለፍ ቃል መግቢያ) የሌለው ፕሮጀክት ፕሮጀክት አይባልም ብሎ ድርቅ ብሏል።

አናሊስቷ
ጋሼ አይፈረድባቸውም፣ ማንም ባለሱቅ እንደዚያ ነው የሚለው። ለጥናቱ የሚያስፈልጋችሁ የደብተሩ ቅርጽ እንጂ የሱቁ ገቢ አይደለም። የሱቁን ስም አትጥቀሱ፣ የደንበኞቹን ስምና ብሩን በሙሉ በፈጠራ ተኩ። የገጹን ፎቶ ሰነዱ ላይ አትለጥፉ፤ በእጃችሁ አስመስላችሁ ሥሩት። ሰነዱን ለኮሌጁ ሳታስገቡ መጀመሪያ እሳቸው ያንብቡት። ይሄን ቃል ገብተሽ አናግሪያቸው፤ ደግሞ ጠዋት ሰው ሲበዛ ሳይሆን ሱቁ ቀዝቀዝ ሲል።

ስለ ሎጊኑ፣ ልጁ እንዲሁ ከሌላ ፕሮጀክት አይቶ ከሆነ አትስሙት። ግን ጋሼን አንድ ነገር ጠይቂ፦ ደብተሩ ላይ መስመር መሰረዝ የሚችለው ማነው? አንቺም ትሰርዣለሽ ወይስ እሳቸው ብቻ? "እኔ ብቻ" ካሉ ክፍያ የሚመዘግበውና ሥራ የሚመዘግበው ሰው ይለያያል ማለት ነው፣ ሎጊኑን አስገቡት፣ ምክንያቱንም በእሳቸው አባባል ጻፉት። "ማንም ይሰርዛል" ካሉ ደግሞ ስንቴ ጭቅጭቅ እንዳመጣባቸው ጠይቂ።