ፊሽካው ከተነፋ በኋላ፦ የቅርጫት ኳስ ዳኛና አሰልጣኝ እንዴት ይነጋገሩ? ለጋራ ሐሳባችን ውይይት

አስተባባሪ፣ ደብረ ብርሃን
እንደምን ሰነበታችሁ። ለዞኑ ስፖርት ጽሕፈት ቤት የምናስገባውን ሐሳብ ክረምት ሳይገባ እንጨርስ። ከራሴ ጥፋት ልጀምር። በአንድ የጠዋት ጨዋታ 24 ቁጥር ላይ ፋውል ነፋሁ። መጀመሪያ የእጄን ጀርባ አዙሬ 2፣ ቀጥዬ መዳፌን ከፍቼ 4 ማሳየት ነበረብኝ። ብርዱ ጣቶቼን አደንዝዟቸዋል፣ ቸኩያለሁም፤ ሁለቱን እጆቼን አንድ ላይ አነሳሁ። አሰልጣኙ ያየው ስድስት ጣት ነው። 6 ቁጥር ለባሹ ደግሞ አራት ፋውል ነበረበት። ከጨዋታ የሚያስወጣው አምስተኛው መስሎት ቀየረው፤ ልጁም ሹራቡን ፊቱ ላይ ጥሎ ተቀመጠ። ነገሩ የታወቀው ኳርተሩ (የጨዋታው ሩብ ክፍል) አልቆ የውጤት ወረቀቱ ሲታይ ነው።

ስለዚህ ምልክቱ ለመዝጋቢዎቹ ጠረጴዛ ሲሰጥ በቃልም ይነገር እላለሁ፦ «ሃያ አራት፣ ገፍቷል፣ ሁለት ውርወራ።» በቡድኖቹ ወንበር ላይ ያለው ሁሉ እንዲሰማው።

አሰልጣኝ፣ ሸዋ ሮቢት
እስማማለሁ ጋሼ። እኔን የሚያናድደኝ ዝምታው ነው። ዳኛው ሁለት እጁን ወገቡ ላይ ሲያደርግ ተከላካዬን እንደቀጣው አውቃለሁ፤ ምኑን አይቶ እንደሆነ ግን አይነግረኝም። «ቦታው ላይ ቀድሞ አልደረሰም» ቢለኝ በቀጣዩ ታይም አውት ልጁን አርምበታለሁ።

ዳኛ፣ መሐል ሜዳ
እውነትህን ነው ወንድሜ፤ ግን ገደብ ይበጅለት። ጨዋታው እየሄደ አልመልስም፤ ሰዓቱ ሲቆም በአንድ ዐረፍተ ነገር እመልሳለሁ። ጠያቂውም አንድ ሰው ይሁን። ምክትል አሰልጣኝ ዳኛን እንዳያናግር ደንቡ ይከለክላል፤ እኛ ጋ ግን ውኃ የሚያቀብለው ሳይቀር ይጮኻል። አምበሉ ኳስ ቆሞ በጨዋነት ቢጠይቅ መብቱ ነው።

ሌላው፣ ጓደኛዬ የነፋውን እኔ አላስረዳም። «እሱ ቅርብ ነበር፣ ራሱ ይነግርሃል» እላለሁ። ያላየሁትን ተናግሬ ባልደረባዬን አላጋልጥም።

ዳኛ፣ ደብረ ሲና
ቃላቱ ላይ እንስማማ፣ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። «ብሎክ» ስንል ግማሹ ሰው የሚገባው የተወረወረ ኳስ በንጹሕ እጅ መመለሱ ነው፤ ግማሹ ደግሞ መንገድ የመዝጋት ፋውል ይመስለዋል። አንዱ ትክክለኛ ጨዋታ፣ ሌላው ጥፋት! ባለፈው «ብሎክ ነው» ብዬ አሰልጣኙ «እኮ፣ ብሎክ ከሆነ ለምን ትነፊያለሽ?» አለኝ። ለፋውሉ «መንገድ ዘግቷል» እንበል። ሌሎቹም «ይዟል»፣ «ገፍቷል»፣ «እጁን መትቷል» ይሁኑ። ትራቭሊንግ (ኳስ ይዞ ሳያነጥሩ መራመድ) ሁሉም ስለሚያውቀው ባለበት ይቆይ።

አሰልጣኝ፣ ዓለም ከተማ
እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ልጆቼ። ልጄ የሚሆን ዳኛ «አንተ፣ ተቀመጥ!» ሲለኝ ውሳኔው ትክክል ቢሆን እንኳ አልሰማውም። «ጋሼ፣ ሰምቼዎታለሁ፤ ይብቃን» ቢለኝ እቀመጣለሁ። ከዚያ በኋላ ብቀጥል ቴክኒካል ፋውሉን (የጠባይ ጥፋቱን) ይንፋብኝ፤ ተጋጣሚዬ አንድ ውርወራ ያገኛል፣ በራሴ ጠባይ ሁለተኛ ከመጣብኝም እወጣለሁ። ያንን በጸጋ እቀበላለሁ። አክብሮቱ በረቂቁ ይግባ።

ዳኛ፣ መሐል ሜዳ
ይግባ ጋሼ። እኛም ከወንበር «አንተ ሌባ» መባል እንዳይኖር በዚያው አንቀጽ ይጻፍልን።

አስተባባሪ፣ ደብረ ብርሃን
ሁለቱም ገብተዋል። አሰልጣኞች ከጨዋታው 10 ደቂቃ በፊት የቡድን ዝርዝር አረጋግጠው ሲፈርሙና አምስቱን ጀማሪዎች ሲያስመዘግቡ ጠረጴዛው ጋ ይመጡ የለ? ዳኞች ያኔ ሁለቱንም በአንድነት አነጋግረው፣ ማን እንደሚጠይቅና መቼ እንደሚጠየቅ ይናገሩ። ለብቻው የተነገረው አሰልጣኝ ካለ ሌላው ይጠረጥራል።

የደብረ ሲናዋ እኅታችን የቃላቱን ዝርዝር በአንድ ገጽ አዘጋጂልን። የሸዋ ሮቢቱ ወንድማችን ደግሞ በቀጣዮቹ ሁለት ጨዋታዎች ወንበርህ ላይ ሆነህ የሰማኸውንና ያልሰማኸውን ጻፍ። እኔ በበኩሌ 24ን በመስታወት ፊት እየተለማመድኩ ነው። ሐሳብ ያላችሁ እስከ ዓርብ አድርሱን።