አስቸኳይ! 382 ቶከን ጎደለብኝ፣ ሁለተኛው ግዢ ደግሞ ፔንዲንግ ላይ ቆሟል

ሰናይት ዘዱባይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቶሎ የሚመልስልኝ ካለ እባካችሁ። አሁን በ2,000 ዩኤስዲሲ (አንዱ አንድ ዶላር የሆነው ክሪፕቶ) አንድ አዲስ ቶከን ገዛሁ። ስዋፕ (ቀይር) የሚለውን ከመጫኔ በፊት 1,917 ታገኛለሽ ይል ነበር። የገባልኝ 1,535 ነው። ቀሪው የት ሄደ? ወዲያው ሌላ የ3,000 አዝዤ ነበር፣ እሱ ደግሞ ከቆመ 20 ደቂቃ አለፈው። ዋሌቴ (የክሪፕቶ ቦርሳዬ) ተጠልፎ ይሆን? ይሄ ለእናቴ ቤት ማደሻ ያጠራቀምኩት ነው። የመጀመሪያውን ሃሽ (የግብይቱን መለያ ቁጥር) ከታች ለጥፌዋለሁ።

ብሩክ፦
እህቴ፣ ስሊፔጁን (እስከ ስንት ፐርሰንት ቢጎድል እንደምትቀበዪ) ስንት አድርገሽው ነበር? 0.5 ፐርሰንት አድርጊው።

ሰናይት ዘዱባይ፦
20 ፐርሰንት። ዩቲዩብ ላይ እንደዛ አድርጉ ብለው ነው።

ብሩክ፦
በቃ ተገኘ። ዝቅ አድርጊው።

ጋሽ ታምራት፦
ልጄ፣ ዋሌትሽ አልተጠለፈም። ሃሹን ኢተርስካን ላይ (የኢቴሪየም ኔትወርክን ግብይቶች የሚያሳየው ድረ ገጽ ነው) ከፍቼ አየሁት። እዚያው ብሎክ ውስጥ (ግብይቶች ባንድ ላይ የሚመዘገቡበት ነው) ካንቺ ፊት አንድ ግዢ አለ፣ ካንቺ ቀጥሎ አንድ ሽያጭ አለ። የሁለቱም አድራሻ አንድ ነው። ይሄ ሳንድዊች የሚሉት ነው፤ ቦት፣ ማለትም በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም፣ ከፊትሽ ገዝቶ ከኋላሽ ይሸጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትዕዛዝሽ ብሎክ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ሜምፑል በሚባል መጠበቂያ ውስጥ ይቆያል። እዚያ ማንም ያየዋል። ምን እንደምትገዢ፣ በስንት፣ እስከ ስንት ቢጎድልብሽ እንደምትቀበዪ። መርካቶ ገብተሽ ገና ዋጋ ሳትጠይቂ የመጨረሻ አቅምሽን ጮክ ብለሽ እንደመናገር ነው።

የገዛሽው ከፑል ነው፣ ዶላርና ቶከኑ ለመቀያየር ከተቀመጡበት ቋት። የፑሉ ሂሳብ ቀላል ነው። ሁለቱ ወገኖች ተባዝተው የሚሰጡት ቁጥር እንዲጠበቅ ነው የተሠራው፤ አንዱ ሲገዛ ዋጋው ለቀጣዩ ይወደዳል። ፑሉ ውስጥ በየወገኑ 50,000 ገደማ ነበር። ቦቱ በ6,000 ቀድሞሽ ገዛ። አንቺ በተወደደው ዋጋ ገዛሽ። እሱ የገዛውን መልሶ በ6,377 ሸጠ። የጋዝ (የኔትወርክ ክፍያ) እና ግብይቶችን ብሎክ ውስጥ ለሚያስገባው ብሎክ ሠሪ የሚከፍለው ሳይቀነስ ትርፉ 377 ዶላር ማለት ነው። ከ1,917 ላይ 20 ፐርሰንት ቀንሺ፣ 1,534 ይመጣል። የደረሰሽ 1,535። የፈቀድሽውን ሁሉ ወሰደ፣ አንዲት ቶከን ብቻ ተወልሽ።

አዲስ ነገር አይደለም። ፊሊፕ ዳያንና ጓደኞቹ በ2019 እነዚህ ቦቶች በኢቴሪየም ላይ እንዴት እንደሚሻሙ በጥናት አሳይተዋል። በመጋቢት 2025 ደግሞ አንድ ሰው ከ220 ሺህ በላይ ዩኤስዲሲ ወደ ዩኤስዲቲ ሲቀይር 5 ሺህ ገደማ ብቻ ነው የደረሰው። ሁለቱም የዶላር ቶከን ናቸው እኮ!

የቦሌው ልጅ፦
ይሄ ሌብነት ነው የሚል ካለ ግን እኔ አልስማማም። ኮዱ ያለው ይሄንን ነው። እሷ እስከ 20 ፐርሰንት ይጉደልብኝ ብላ ፈርማለች። ቦቱ ምን ሕግ ጣሰ?

ሕይወት፦
ወንድሜ፣ ፈረመች ማለት ገባት ማለት አይደለም። ዋጋውን ሆን ብሎ ያስወደደው ራሱ ቦቱ ነው። ለማንም የጨመረው ነገር የለም። ከሷ ወሰደ፣ ሄደ። ለኔ ይሄ ንግድ አይደለም።

ብሩክ፦
ለዚህ እኮ ነው ስሊፔጅ ዝቅ ይደረግ ያልኩት።

ኪሩቤል፦
ወሬውን ለጊዜው ተዉትና ሁለተኛውን እናድን! ሰናይት፣ እሱም 20 ፐርሰንት ነው አይደል? ጋዙን ዝቅ አድርገሽ ስለላክሽው ነው የቆመው፤ እዚያ በቆየ ቁጥር ደግሞ ቦቶች እያዩት ነው። አሁኑኑ ካንስል አድርጊው። ዋሌትሽ ሜታማስክ ከሆነ አክቲቪቲ ውስጥ ግቢ፣ ፔንዲንግ ከሚለው ሥር ካንስል አለ። የሚሠራው በዚያው ተራ ቁጥር፣ ማለትም በዚያው ኖንስ፣ ከፍ ያለ ጋዝ ከፍሎ ባዶ ግብይት ወደ ራስሽ በመላክ ነው። ቀድሞ ከገባ የ3,000ው ይወድቃል። ጋዝ የሚሆን ኢቴር (የኢቴሪየም ገንዘብ) አለሽ?

ሰናይት ዘዱባይ፦
የ4 ዶላር ብቻ ነው ያለኝ። ይበቃል?

ኪሩቤል፦
ኔትወርኩ ካልተጨናነቀ ይበቃል። ሞክሪው።

ከዚያ በኋላ ስትገዢ ትዕዛዝሽን በአደባባዩ ሜምፑል አትላኪው። ፍላሽቦትስ ፕሮቴክት ወይም ኤምኢቪ ብሎከር የሚባሉትን አገልግሎቶች ዋሌትሽ ላይ አርፒሲ (ዋሌቱ ትዕዛዝ የሚልክበት አድራሻ) አድርገሽ አስገቢ፤ ትዕዛዙ በቀጥታ ለብሎክ ሠሪዎች ይሄዳል። ካውስዋፕ የሚባለው መገበያያም ጥሩ ነው፣ የብዙ ሰው ትዕዛዝ ሰብስቦ ባንድ ዋጋ ያስኬደዋል። ብሩክ ያለው ትክክል ነው፣ ግን ስሊፔጅ በጣም ካነሰ ግብይቱ ይወድቅና ጋዙ ይበላል። በፍላሽቦትስ ከላክሽው ግን ለወደቀው አትከፍዪም። ሌላው ደግሞ ፑሉ ትንሽ ነው፤ 3,000 ዶላር ያለ ምንም ቦት ራሱ ዋጋውን ያስወድድብሻል።

ሕይወት፦
ዩቲዩቡ 20 ያለሽ ቶከኑ በሽያጭና በግዢ ላይ ታክስ ስለሚቆርጥ ሊሆን ይችላል። እንደዛ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አጣሪ። እኔ ብሆን ለእናቴ ቤት ያልኩትን ብር እዚያ አላስገባም፣ እውነቴን ነው።

ጋሽ ታምራት፦
አንድ ነገር ልጨምር። ሃሽሽን አይተው ኢንቦክስ የሚመጡ ይኖራሉ፤ ገንዘብሽን እናስመልሳለን፣ የዋሌትሽን መክፈቻ 12ቱን ቃላት ላኪ ይሉሻል። ለማንም እንዳትሰጪ ልጄ። ሳንድዊች የበላውን የሚያስመልስ የለም።

ብሩክ፦
ሰናይት፣ ካንስል ሆነልሽ?

ኪሩቤል፦
ሰናይት? አንድ ሰዓት ሆነ እኮ። የሁለተኛውን ሃሽ ላኪልኝና እኔ ልየው።