የፒቸር ኮሸሽላ ፕሮፖዛል፦ ረቂቁን አብረን እናስተካክል

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሚሺጋን ላለው የስሊፒንግ ቤር ዱንስ ፓርክ የምናቀርበው ሐሳብ የፒቸር ኮሸሽላን ለመርዳት በበጎ ፈቃድ መሥራት ነው። ለማታውቋት፣ ከሱፍና ከአደይ አበባ ወገን ናት፤ በዓለም ላይ የምትበቅለው በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ዳርቻ፣ አሸዋ ላይ ብቻ ነው። ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ይጠብቃታል። ረቂቁ ላይ ሦስት ሥራ አስገብቻለሁ፦ ዘር ለቅሞ ማፍላት፣ አሸዋውን በአጥር መያዝ፣ መጤ አረም ማጥፋት። እስቲ የመሰላችሁን በሉ።

የአትክልት ባለሙያው፦ የዘሩ ነገር ይቅር እህቴ። በፌዴራል መሬት ላይ ያለ ፈቃድ መልቀም ያስጠይቃል። ሕጉ ባይኖርስ? ይህቺ ተክል ከ5 እስከ 8 ዓመት ገደማ አሸዋው ላይ በቅጠሏ ተዘርግታ ትቆይና አንዴ አብባ ትሞታለች። ከሥሯ አታቆጠቁጥም፣ ያላት ያው ዘሯ ነው። እሱንም ወፍና ነቀዝ ይሻሟታል። እኛ ተጨምረንበት ምን ሊተርፋት ነው?

ወጣቷ አባል፦ አጥሩም አልተዋጠልኝም። አሸዋው ከረጋ ሳርና ቁጥቋጦ ይወርሰዋል፣ ችግኟ ደግሞ የምትፈልገው ገላጣ ቦታ ነው። ዋና ሥሯ እስከ 2 ሜትር ስለሚወርድ ደረቁን አሸዋ ትችለዋለች። የማትችለው ጥላና ሽሚያውን ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ታዲያ የቀረን አረሙ ነዋ። እኔ ደስ ይለኛል፣ ወጪው ቀላል ነው 😄 ግን የትኛውን አረም?

የአትክልት ባለሙያው፦ ቤቢስ ብሬዝን። አበባ ሻጮች እቅፉ መሃል የሚሰኳትን፣ ነጭ ጥቃቅን አበባ ያላትን። እዚያ አሸዋ ላይ ወራሪ ሆናለች። ሥሯ በጣም ጥልቅ ነው፣ ብትጎትቷት ተበጥሳ እንደገና ታቆጠቁጣለች። ግንዱና ሥሩ ከሚገናኙበት ዝቅ ብሎ በሹል አካፋ መቁረጥ ነው። ዘር ሳትይዝ መድረስ አለብን፤ ስትደርቅ ግንዷ ይቆረጥና በነፋስ እየተንከባለለች የሄደችበትን ሁሉ ትዘራዋለች።

ወጣቷ አባል፦ እኔን የሚያስፈራኝ ግን እኛው ነን። ኮሸሽላ ሲያይ እጁን የሚበላው ሰው አለ፣ አረም መስላው ይነቅላታል። ከመውጣታችን በፊት ሁሉም ይለያት። የእሷ ቅጠል ቀጫጭን ነው፣ ነጭ ጸጉር ለብሶ ከሩቅ ብርማ ይመስላል፤ አበባዋ ክሬም ወይም ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው። ተራው ኮሸሽላ አረንጓዴ ነው፣ እሾሁ ይዋጋል፣ አበባው ሐምራዊ። ደግሞ 30 ሰው ግር ብሎ አሸዋው ላይ ከወጣ ትንንሾቹን ረግጠን ጨረስናቸው ማለት ነው። በትንንሽ ቡድን እንሂድ።

የአትክልት ባለሙያው፦ ልክ ብለሻል ልጄ። ፓይፒንግ ፕሎቨር የምትባለው ወፍም ዳርቻው ላይ እንቁላል ስለምትጥል የሚዘጋ ቦታ አለ። ቀኑንና ቦታውን የፓርኩ ሰዎች ይወስኑ።

አስተባባሪ፦ እሺ፣ ዘሩንም አጥሩንም ሰርዣለሁ። አሁን ያለው ቤቢስ ብሬዝን መቁረጥ፣ ቀድሞ የመለየት ትምህርት፣ ትንንሽ ቡድን፣ ቀንና ቦታ በፓርኩ ውሳኔ። የሁለቱ ኮሸሽላ ፎቶ ያላችሁ ላኩልኝ፣ ቅጠሉ በደንብ የሚታይ ይሁን፤ አበባ ሳይኖራትም መለየት አለብን።

ገንዘብ ያዥ፦ አካፋ ልግዛ?

አስተባባሪ፦ ቆይ፣ መጀመሪያ ፓርኩ ያውሰን እንደሆነ ልጠይቅ።