አይፖዱ ከሃርድ ዲስክ ወደ ሜሞሪ ካርድ ተቀይሮ ባትሪው ለምን ቶሎ ያልቃል?

ባለሠላሳው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዕቃው የአፕል ሙዚቃ ማጫወቻ፣ አይፖድ ቪዲዮ ነው፤ በ2006 የወጣው ባለ 30 ጊጋ፣ ቀጭኑ። ሃርድ ዲስኩ ወጥቶ በቦታው አራት ማይክሮ ኤስዲ የሚይዝ አዳፕተር ገብቷል፤ አራቱም ቦታ ላይ ባለ 128 ጊጋ ካርድ አለ። ባትሪውም አዲስ ነው፤ ላዩ ላይ «3000 ሚሊአምፔር ሰዓት» (የሚይዘው የኤሌክትሪክ መጠን) ይላል። ዘፈኖቹ በሙሉ አፕል ሎስለስ (የድምፅ ጥራት የማይቀንስ፣ ግን ትልቅ ቦታ የሚወስድ ፎርማት) ናቸው።

ሲያጫውት በአንድ ቻርጅ 20 ሰዓት ይሄዳል። ጠፍቶ ከተቀመጠ ግን በአምስተኛው ቀን ሞቶ ይገኛል። ይህ ሞዴል ከፋብሪካ ሲወጣ፣ 400 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ በምትይዝ ባትሪ፣ 14 ሰዓት ይጫወታል ይባል ነበር። ባትሪው ሰባት እጥፍ አድጎ፣ የሚሽከረከረው ዲስክ ወጥቶ፣ ትርፉ ስድስት ሰዓት ብቻ ከሆነ የሆነ ቦታ ጥፋት አለ። ባትሪው ነው፣ ካርዱ ነው ወይስ አዳፕተሩ?

ሽቦና ሪባን፦
ሎስለሱን ጠርጥር። ይህ ሞዴል 32 ሜጋ ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻ) አለው። ከዲስኩ አንድ ጊዜ ያነብና ራሙን ሞልቶ ዲስኩን ያስተኛዋል። በ128 ኪሎቢት የተሠራ ዘፈን በደቂቃ አንድ ሜጋ ገደማ ስለሚወስድ ዲስኩ ወደ ግማሽ ሰዓት ይተኛል። ሎስለስ ግን በደቂቃ ከ6 እስከ 7 ሜጋ ይበላል፤ ስለዚህ በየ4 እና 5 ደቂቃው መቀስቀስ ግድ ነው። ኤኤሲ 256 (በ256 ኪሎቢት የታመቀ ፎርማት) ብታደርገው በደቂቃ 2 ሜጋ ይሆንና እረፍቱ ወደ ሩብ ሰዓት ይጠጋል።

ሌላው ዘፈን መዝለል ነው። እየዘለልክ ከሰማህ አስቀድሞ ያነበበው ሁሉ ይጣልና እንደገና ያነባል። ኢኳላይዘሩን አጥፋው፣ የስክሪኑን መብራት ወደ 2 ሴኮንድ አውርደው።

የድሮ ዕቃ፦
ሽቦና ሪባን ስለ ራሙ ያልከው ልክ ነው። ግን ጠፍቶ አምስት ቀን ውስጥ መሞቱን አይመልስም፤ የጠፋ ዕቃ ሎስለስ አያነብም።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚሁ ላይ ነው። ዲስኩ አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶ ስለነበር ባትሪውን የሚበላው የሚባለውን ያህል አልነበረም። 400ን ለ14 ሰዓት አካፍለው፤ 29 ሚሊአምፔር ገደማ ይመጣል። ይህ ቦርዱም፣ የድምፅ ቺፑም፣ አልፎ አልፎ የሚነሳው ዲስክም ተደምሮ ነው። እንግዲህ ዲስኩን አውጥተህ የምታተርፈው ከዚህ ላይ ጥቂት ነው። በምትኩ ያስገባኸው ነገር በደንብ የማይተኛ ከሆነ ደግሞ 24 ሰዓት ሙሉ፣ ስትሰማም ሳትሰማም፣ ይመጠምጣል። ሌት ተቀን 10 ሚሊአምፔር የሚበላ አዳፕተር አይፖዱ በሚጫወትበት ላይ አንድ ሦስተኛ ጨመረ ማለት ነው። ዲስኩ ቢያንስ ሲተኛ ይተኛ ነበር።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ግን ባትሪውን በማስመሪያ ለካው፤ ርዝመት፣ ስፋት፣ ውፍረት። ላዩ ላይ የተጻፈውን ተወው።

ባለሠላሳው፦
60 በ38 በ4 ሚሊሜትር።

የድሮ ዕቃ፦
9.1 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር። 3000 ሊሆን አይችልም።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። 503450 የሚባለው የተለመደ የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ (ቁጥሩ ራሱ መጠኑ ነው፦ ውፍረት 5.0፣ ስፋት 34፣ ርዝመት 50) 1000 ሚሊአምፔር ሰዓት ይይዛል። ይዘቱ 8.5 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ስለሆነ ለአንዱ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 118 ገደማ ይደርሰዋል። ጥሩ የሚባለውን ብትወስድ እንኳ 140 በለው። ያንተ ባትሪ እንግዲህ ከ1075 እስከ 1275 ነው፤ ለሂሳብ 1150 እንያዝ። እውነተኛ 3000 ከ21 እስከ 25 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ይፈልጋል። ያ ደግሞ ባለ 60 እና ባለ 80 ጊጋው ወፍራም ጀርባ (14 ሚሊሜትር) ካልሆነ በቀጭኑ 11 ሚሊሜትር ውስጥ አይገባም። ሻጭ «ለቀጭኑ የሚሆን 3000» ካለህ ማስመሪያ አውጣ።

አሁን 1150ን ለ20 ሰዓት አካፍል፦ 57 ሚሊአምፔር። ጠፍቶ 5 ቀን ማለት 120 ሰዓት ነው፤ 1150 ለ120 ሲካፈል 9.5 ሚሊአምፔር። የጠፋ አይፖድ ይህን መብላት የለበትም።

ግምቱን ያለ ምንም መሣሪያ፣ በሰዓት ብቻ ማረጋገጥ ትችላለህ። ቻርጁን ሙሉ አድርገህ እስኪሞት አጫውትና ሰዓቱን መዝግብ። እንደገና ሙሉ አድርገህ አጥፋውና ልክ 48 ሰዓት አስቀምጠው፤ ከዚያ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው የዘፈን ዝርዝር እስኪሞት አጫውት። ግምቴ ልክ ከሆነ ሁለተኛው ከ20 ወደ 12 ሰዓት ይወርዳል። የጎደለው 8 ሰዓት በ57 ሲባዛ 456፣ ለ48 ሲካፈል 9.5። የባትሪውን ትክክለኛ መጠን ባታውቅም የሁለቱ ንጽጽር አይዋሽም፦ ከ48 ሰዓት መኝታ 8 ሰዓት ጨዋታ ከጠፋ፣ ዕቃው ተኝቶ የሚበላው ሲጫወት የሚበላውን አንድ ስድስተኛ ነው።

በባትሪው ቮልት ለመገመት አትሞክር። ሊቲየም መሀል ላይ፣ 3.7 እና 3.8 ቮልት አካባቢ፣ ለረጅም ጊዜ ተኝቶ ይቆይና መጨረሻ ላይ ገደል ይገባል።

ትዕግሥት፦
ሰዓት ይዞ መቀመጥ ለሰለቸው፦ ሮክቦክስ (በአፕሉ ሶፍትዌር ምትክ አይፖዱ ላይ የሚጫን ሶፍትዌር) ከተጫነ «ባትሪ ቤንችማርክ» የሚባል ፕለጊን፣ ማለትም ተጨማሪ ፕሮግራም፣ አለው፤ ከፕለጊኖች ውስጥ አፕሊኬሽንስ የሚለው ስር ይገኛል። አስነስተውት ወጥተው ሙዚቃ ያጫውቱ፤ ጊዜውን፣ ፐርሰንቱንና ቮልቱን ፋይል ላይ እየጻፈ ይቆያል። ሲሞት ቻርጅ አድርጎ ፋይሉን ኮምፒውተር ላይ መክፈት ነው። በመሀል ዩኤስቢ ከሰኩ ግን ሙከራው ተበላሸ ማለት ነው።

ሮክቦክስ ለሌላም ይጠቅማል። የአፕሉ ሶፍትዌር ሲያጠፉት በመጀመሪያ ራሙን ይዞ ነው የሚተኛው። ሮክቦክስ ግን በትክክል ይዘጋል። ስለዚህ የ48 ሰዓቱን ሙከራ አንድ ጊዜ ከአፕሉ፣ አንድ ጊዜ ከሮክቦክስ በማጥፋት ይሥሩት። በሁለቱም እኩል ከጎደለ ጥፋቱ ከሶፍትዌር አይደለም፤ አዳፕተሩና ካርዶቹ ናቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አይፖዱ በማክ ሪስቶር ከተደረገ (ሶፍትዌሩ እንደ አዲስ ከተጫነ) ሮክቦክስ አይሠራም፤ ፋት32 የሚባለውን የዲስክ ፎርማት ይፈልጋል። ዊንዶውስ ባለው ኮምፒውተር በአይቲዩንስ ሪስቶር ያድርጉት፤ ፎርማቱን ራሱ ያስተካክለዋል። አስቀድሞ ካርዱን በእጅ ፎርማት ማድረግ አያስፈልግም።

ሽቦና ሪባን፦
ስለ ሎስለሱ በመጠኑ እጄን ሰጥቻለሁ። ሙከራው የድሮ ዕቃ እንዳለው ከወጣ የሚቀጥለው እርምጃ ይኸው።

አራት ካርድ የሚይዝ አዳፕተር አራት ካርድ ይመግባል፤ አንዱ ሲነበብ የቀሩት ሦስቱ ኤሌክትሪክ ላይ ናቸው። ካርድም ከካርድ ይለያያል። አንዳንዱ ትእዛዝ ሲቆም ወዲያው ወደ ዝቅተኛ ፍጆታ ይወርዳል፣ አንዳንዱ እንደነቃ ይቀራል። ፍጥነቱ ላዩ ላይ በጉልህ የተጻፈበት የቪዲዮ ካርድ ለዚህ ሥራ ጥቅም የለውም፤ አይፖዱ ያንን ፍጥነት መቼም አይጠቀምበትም። ኤምሳታ ኤስኤስዲ (የላፕቶፕ ትንሽ ዲስክ) የሚያስገቡም አሉ። እሱ ከካርድ በጣም የበለጠ ይበላል፤ ለባትሪ ብሎ ለሚቀይር ሰው አይመከርም።

የሚሻለው ባለ አንድ ካርድ አዳፕተርና አንድ 512 ጊጋ ካርድ ነው። ማይክሮ ኤስዲን በኤስዲ ማቀፊያው ከትቶ መጠቀም ችግር የለውም። ደግሞም ባለ 32 ሜጋ ራሙ አይፖድ በአፕሉ ሶፍትዌር 20,000 ዘፈን አካባቢ ሲደርስ ይንገዳገዳል። የሎስለስ ዘፈን አንዱ በአማካይ 25 ሜጋ ቢሆን 20,000ው 500 ጊጋ ነው። ከዚያ በላይ ቦታ ቢኖርህ ምን ልትሞላበት?

ካርዱን ከመክተትህ በፊት በኮምፒውተር ሙሉ በሙሉ ጽፎ መልሶ በሚያነብ ፕሮግራም ፈትነው። 512 ተብሎ ውስጡ 32 የሆነ ፎርጅድ ሞልቷል፤ አይቲዩንስ ላይ ጤነኛ መስሎ ከ32 በኋላ ያለውን ይውጠዋል። አይፖዱም ያልተጻፈውን ለማንበብ ደጋግሞ ሲሞክር ይሞቃል፣ ባትሪም በዚያው ይሄዳል።

በአራቱ አዳፕተር ላይ ሦስቱን ነቅለህ በአንድ ካርድ ልትሞክር ከፈለግክ፣ አራቱ እንደ አንድ ዲስክ ስለተሰፉ እንደገና ሪስቶር ይጠይቅሃል። ዘፈኖቹን ኮምፒውተር ላይ ሳታስቀምጥ አትንካው።

ባለሠላሳው፦
ሙከራው ተሠራ። በአራቱ ካርድ፦ ሙሉ ጨዋታ 20 ሰዓት ከ10 ደቂቃ፣ ከ48 ሰዓት መኝታ በኋላ 12 ሰዓት ከ20። በሮክቦክስ ቢጠፋም ለውጥ የለውም። ከዚያ አዳፕተሩ ወደ ባለ አንዱ ተቀየረ፣ አንድ 512 ካርድ፣ ባትሪው ያው፣ ኢኳላይዘሩ ጠፍቶ፦ ሙሉ ጨዋታ 26 ሰዓት፣ ከ48 ሰዓት መኝታ በኋላ 24 ሰዓት ተኩል። ሎስለሱ አልተነካም።

አሁን የቀረው ባትሪው ነው። በቀጭኑ ጀርባ ውስጥ በእውነት ስንት ይገባል? ሲገጠምስ ምን ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

የድሮ ዕቃ፦
ተኝቶ የሚበላው ከ9.5 ወደ 1.4 ወረደ ማለት ነው (1150 ለ26 = 44፤ ከ26 ወደ 24.5 የጎደለው 1.5 ሰዓት በ44 = 66፤ ለ48 = 1.4)። አሁን ከወር በላይ ተቀምጦ ይነሳል።

የወጣው ሃርድ ዲስክ ውፍረቱ 5 ሚሊሜትር ነበር። አዳፕተሩ ከዚያ ቦታ ጥቂቱን ስለሚወስድ በቀጭኑ ጀርባ 2000 የመጨረሻው ጣሪያ ነው፤ ያም ከ14 እስከ 17 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር። ውፍረቱ ከ4.5 ባያልፍ ይመረጣል። ሊቲየም ፖሊመር ሲያረጅ ያብጣል፤ ሲያብጥ የሚገፋው ስክሪኑን ነው፣ መሀሉ ላይ ጥላ የመሰለ ጥቁረት ይመጣል። ስለዚህ ስትገጥመው ግማሽ ሚሊሜትር ክፍት ተውለት። ጀርባው ሲዘጋ በጣት ኃይል ካልሆነ እምቢ ካለ ባትሪው ወፍሯል፤ አትጫነው፣ መልሰው።

2000 በ44 ሲካፈል 45 ሰዓት ገደማ። ቻርጁ ግን ይረዝማል፦ ዩኤስቢ 500 ሚሊአምፔር ሰጥቶት እንኳ ከ4 ሰዓት በላይ ነው፤ መጨረሻው እየቀነሰ ስለሚሄድ 5 ወይም 6 ሰዓት ጠብቅ።

ሽቦና ሪባን፦
ስለ መግጠሙ ልጨምር። መጀመሪያ ዕቃውን አጥፍተህ የሆልድ መቆለፊያውን ዝጋ። ጎኖቹን በፕላስቲክ መክፈቻ ክፈት፤ ብረት ከተጠቀምክ ጠርዙን ያጎብጠዋል። ጀርባው ሲለቅ አትገንጥለው፣ በሁለት ሪባን ከቦርዱ ጋር ተያይዟል፤ አንዱ የባትሪው፣ ሌላው የጆሮ ማዳመጫው። የባትሪው ሪባን መያዣ ቡናማ ናት፤ ወደ ላይ 2 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ትነሳለች፣ ከዚያ ሪባኑ ያለ ትግል ይወጣል። ብዙ ቦርድ የሚበላሸው መያዣዋ ሳትነሳ ሪባኑ ሲጎተት ነው። መያዣዋ ከተነቀለች ባትሪው እየነካ እየለቀቀ ይሄዳልና እንደገና የባትሪ ችግር መስሎህ ትዞራለህ።

ባትሪውን ሪባኑና መከላከያ ቦርዱ ተሠርቶ የመጣውን ግዛ። ባዶ ባትሪ ላይ ሪባን መበየድ ለማያውቅ ሰው አይሆንም። ጀርባው ብረት ስለሆነ አዳፕተሩ እንዳይነካው በላዩ ካፕተን ቴፕ (ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ቴፕ) ለጥፍ፣ ከዚያ ስስ ስፖንጅ አድርግ፤ ስፖንጁ አዳፕተሩን ይያዝ እንጂ ባትሪውን አይጫነው። የዲስኩ ሪባን ዘንበል ብሎ ከተቀመጠ አይፖዱ ያዘነ ፊት ያሳይሃል፤ ካርዱን ከመውቀስህ በፊት ሪባኑን አውጥተህ ቀጥ አድርገህ መልስ።

ትዕግሥት፦
ባትሪውን ከውጭ በሚመጣ ሰው ለሚያስመጡ፦ ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ ነው የሚሄደው፤ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። 2000 በ3.7 ቮልት 7.4 ዋት ሰዓት ስለሆነ ከአውሮፕላኑ የ100 ዋት ሰዓት ገደብ በጣም በታች ነው። የሪባኑን ጫፍ በፕላስተር ይሸፍኑት። ያበጠውን አሮጌ ግን ለማሳየት ብለው ይዘው አይሂዱ፤ አይብሱትም፣ ቻርጅም አያድርጉት።