ክርክር፦ ቤን ዞብሪስት ተበድሏል ወይስ ልኩን ነው ያገኘው?

ጥያቄው፦ ወደ ቤዝቦል የዝና አዳራሽ ለመግባት ከመራጮቹ 75 በመቶ ድምፅ ያስፈልጋል። ዞብሪስት በ2025 ምርጫ 5 በመቶ እንኳን ስላላገኘ ስሙ ከዝርዝሩ ወጥቷል። ሁለት ዋንጫ ያለው፣ ከካቸር (ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳስ ከሚቀበለው) ቦታ በቀር ያልሸፈነው ቦታ የሌለ ሰው ነው። ምን ትላላችሁ?

የቺካጎው፦ ተበድሏል እንጂ! የ2016ን ወርልድ ሲሪስ (የዓመቱ ሻምፒዮና ፍፃሜ) 7ኛ ጨዋታ ያየ ሰው ይመስክር። የቺካጎው ከብስና ክሊቭላንድ በክሊቭላንድ ሜዳ 6 ለ 6 ሆነው ዝናብ ለ17 ደቂቃ አቋረጠው። 10ኛው ኢኒንግ (ዙር) ላይ ክሊቭላንዶች የከብሱን መቺ ሪዞን ፈርተው ሆን ብለው ሳይመታ ወደ አንደኛ ቤዝ በነፃ አሳለፉት። ቀጣዩ ዞብሪስት ነበር። የክሊቭላንዱን ኳስ ወርዋሪ የብራያን ሾውን ኳስ በሦስተኛ ቤዝ መስመር ጥግ ጥግ ሰደዳት፣ 7 ለ 6! ከብስ ከ1908 ወዲህ ያጣውን ዋንጫ 8 ለ 7 አሸንፎ ወሰደ። የወርልድ ሲሪሱ ኮከብ ማን ተባለ? እሱ።

ተጠራጣሪ፦ ሪዞን ያሳለፉት በፍርሃት ብቻ አይደለም ወንድሜ። አንደኛ ቤዝ ባዶ ስለነበር በአንድ ኳስ ሁለት ሰው ለማስወጣት አስበው ነው። ደግሞስ በአንድ ምት ዝና አዳራሽ ይገባል እንዴ? 14 ሲዝን፣ 1,566 ሂት (ቤዝ ያስደረሰ ምት)፣ 167 ሆም ራን (ሁሉንም ቤዝ የሚያዞር ምት)። ጥሩ ነው፣ ግን ጥሩ ብቻ።

ቁጥር ወዳጅ፦ 2009ን ረሳኸው። ዋር የሚባለው ስሌት አንድ ተጫዋች ከተራ ተተኪ በላይ ለቡድኑ ስንት ድል እንደጨመረ ይለካል። በቤዝቦል ሪፈረንስ ስሌት ዞብሪስት በዚያ ዓመት ከ8 በላይ ነበረው። ፒቸሮችን (ኳስ ወርዋሪዎችን) ትተን ከአሜሪካን ሊግ (ከሁለቱ ዋና ሊጎች አንዱ) አንደኛ ማለት ነው። 27 ሆም ራን መትቷል። የዓመቱ ኮከብነት ግን ለጆ ማወር ሄደ። ማወር ቦታው አንድ ነው፣ ካቸር። ዛሬ ሁለተኛ ቤዝ፣ ነገ ቀኝ አውትፊልድ (የሜዳው ውጨኛ ክፍል) የሚቆምን ሰው ግን ከማን ጋር ታወዳድረዋለህ?

አዲስ ተመልካች፦ ይቅርታ፣ እንዲህ መዘዋወሩ ለቡድኑ ምን ይጠቅማል?

ቁጥር ወዳጅ፦ በሱ ዘመን ለአብዛኛው ሲዝን ቡድኑ 25 ሰው ብቻ ነበር የሚይዘው። አንድ ሰው የሦስት ሰው ቦታ ከሸፈነ አሰልጣኙ ለተጨማሪ ፒቸር ቦታ ያገኛል። የዞብሪስት አሰልጣኝ የነበረው ጆ ማደን በታምፓ ቡድን የተጠቀመበት ይህንን ነው፣ በኋላ ከብስ ላይም ደገመው። ይህ ጥቅም ደግሞ ዞብሪስት ስም አጠገብ አይጻፍም፣ ሌላው ተጫዋች ላይ ነው የሚታየው።

የቺካጎው፦ ገበያው ግን አውቆታል። ከብስ ለ4 ዓመት 56 ሚሊዮን ዶላር ነው የከፈለው! ለተቀያሪ ማን እንዲህ ይከፍላል? የመከላከል ሽልማቱ ጎልድ ግለቭ እንኳን ለሁለገብ ተጫዋች ሽልማት የጀመረው በ2022 ነው፣ እሱ መጫወት ካቆመ በኋላ። አይ ዕድል!

ተጠራጣሪ፦ ሁለገብነቱን ሰበብ አታድርጉት። ክሬግ ቢጅዮም ከካቸር ወደ ሁለተኛ ቤዝ፣ ከዚያ ወደ ሴንተር ፊልድ ዞሯል፤ በ2015 ግን ገባ። ለምን? 3,060 ሂት ስላለው። ዞብሪስት የዘወትር ተሰላፊ የሆነው 28 ዓመት ሊሞላው ሲል ነው፣ ጊዜ አጠረው። ያሳዝናል፣ ግን መራጩ ምን ያድርግ?

ቁጥር ወዳጅ፦ ቢያንስ ለሁለተኛ ዓመት ዝርዝሩ ላይ ያቆየው ነበራ! ይግባ አላልኩም እኮ። 5 በመቶ ነው ያልኩት።